ለጥር 18 የሚደርስ ረከቦት

ጥቅምት 20፣ 2017

ጥር 18 ከተጋባን 11 ዓመት ይሞላናል። ዘንድሮ ልክ እንደ ሠርጋችን ቀን እሑድ ላይ ይውላል።

ባለፈው ዓመት ሽቶ ገዛሁላት። ሻጯ «ሴት ሁሉ የሚወደው ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ባለቤቴ «አመሰግናለሁ የኔ ጌታ» ብላ ሳመችኝ። ሽቶው እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ጠንካራ ሽታ ራሷን እንደሚያማት ገና ሳንጋባ ነግራኛለች። ረስቼው ነው።

«ምን ልግዛልሽ?» ብላት «ምንም፤ ብር አታባክን» ነው መልሷ። ከሱ የሚገኝ ነገር የለም። ስታማርር ግን እውነቱን ትናገራለች። ስለዚህ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፍቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያማረረችበትን ሁሉ ጻፍኩ። የኩሽናው መብራት። የመሥሪያ ቤቷ ሊፍት። የልጃችን የሚጣ ጫማ፣ በሦስት ወሩ የጠበበው። የኔ ካልሲ (ይሄ ሁለት ጊዜ)። ረከቦቱ ግን አምስት ጊዜ ተጽፏል። «ወገቤን ጨረሰው።» «ሲኒው ይንሸራተታል።» «ይኸው ደግሞ አበጠ።»

ረከቦቱ ከቺፕውድ የተሠራ ነው። ስንገዛው ያብረቀርቅ ነበር። ሲኒ ታጥቦ በርጥቡ ይደረደርበታል፤ ውሃው በጠርዙ ሰርጎ ገባና ጎኑ እንደ ዳቦ ተነፋ።

ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ለሠርጋችሁ መታሰቢያ የሥራ ዕቃ? ለከርሞ ደግሞ መጥረጊያ ግዛላት።» ነገሩ ከነከነኝ። እውነት አለው። ግን ሳስበው፣ ባለቤቴ በሳምንት ውስጥ ቁጭ የምትልበት ሰዓት ያ ነው። እሑድ ከሰዓት ጎረቤት ሲመጣ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ከአቦል እስከ በረካ። ሌላው ጊዜዋ ለመሥሪያ ቤቷና ለኛ ነው። እዚያ ሰዓት ላይ ወገቧን የሚያማት ዕቃ አስቀምጬ ሽቶ የምገዛ ሰው ነኝ።

ወሰንኩ። ረከቦት እሠራለሁ፤ ያውም በገዛ እጄ። እንጨት ሠርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ የሠራሁት የጫማ መደርደሪያ እስከ ዛሬ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይነሳብኛል።

ኅዳር 1

ዛሬ የልኬት ቀን ነበር። ሜትሩን ኪሴ ከትቼ ቡናው ላይ ተሰየምኩ። ሲኒዎቹ 12 ናቸው፤ አፋቸው ላይ 7 ሴንቲሜትር ይሰፋሉ። አራት በሦስት ሲደረደሩ፣ ትንሽ መተንፈሻ ተጨምሮላቸው፣ 30 በ23 ይፈልጋሉ። አጠገባቸው ማቶቱና ጀበናው የሚያርፉበት ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ 15 በ15 የሆነች ሴራሚክ ለመትከል አሰብኩ፤ የጋለ ነገር እንጨቱን እንዳያቃጥለው።

አስቸጋሪው ከፍታው ነው። የአሁኑ ረከቦት ከመሬት 17 ሴንቲሜትር ነው። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስትቀዳ ጎብጣ ነው። ስንት ቢሆን ይመቻታል? መጠየቅ አልችልም። ሁለት የጣውላ ቁራጭ አምጥቼ «ውሃ እግሩን እያበሰበሰው ነው» ብዬ ከሥሩ አስገባሁበት። በ8 ሴንቲሜትር ከፍ አለ። ምንም ሳትል ቀዳች። ቶናው ላይ ቁራጮቹን ላነሳ ጎንበስ ስል «ተወው፣ እንደዚያው ይሁን» አለችኝ።

25 ሴንቲሜትር። ማታ ጻፍኩት።

ኅዳር 7

እንጨት ፍለጋ። የፈለግኩት ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፤ ለመጋዝም ለመሮም እሺ ይላል፤ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። መልኩ ወደ ቀይ ቡኒ ይሄዳል። ደግሞ ቡና አብቃይ አገር ሄዶ ያየ ያውቃል፤ ቡናው ከዋንዛ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ቡና ሲያጠላ የኖረ እንጨት ቡና ቢቀርብበት ያምርበታል ብዬ ነው።

ከየት እንደተቆረጠ የማላውቀውን ጣውላ መግዛት ግን አልፈለግኩም። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው ዛፎች ናቸው። ለአንድ ረከቦት ብዬ ያንን ገበያ ከማሞቅ አሮጌ እንጨት ይሻላል።

አሮጌው እንጨት ደግሞ የት እንዳለ ትዝ አለኝ። አማቴ ቤት፣ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር። የባለቤቴ አባት በሕይወት እያሉ ያሠሩት አልጋ ራስጌ ነው። አልጋው ከተሰበረ ቆይቷል።

«እማማ፣ ይህን ራስጌ ቢሰጡኝ?»

«ምን ሊያደርግልህ ልጄ? ማገዶ ቸገራችሁ?»

ምስጢሩን ነገርኳቸው። ዝም ብለው እንጨቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ለሷ ከሆነ ውሰድ። ደግሞ እንዳታበላሸው!» አሉኝ። ለሰማዩም ለምድሩም የሚበቃ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሦስት ጣውላ ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ40። ሁለት ቋሚ እግሮችም አሉት። ጭኜ ወስጄ ያ የሚስቅብኝ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ፣ አጥር ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 12

አጥር ላይ ማስደገፍ አልነበረብኝም።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ ልማድ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከጠዋት ጀምረው ግቢ ለግቢ እየዞሩ የሚቃጠል ነገር ይለቅሙ ነበር። አሮጌ፣ አቧራ የለበሰ ጣውላ አጥር ጥግ ሲያዩ ምን ይበሉ? እኔም ብሆን እወስደው ነበር።

ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ያንተ ስጦታ እየታጠነ ነው።»

ከቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስደርስ ጭሱ መንገዱን ሸፍኖታል። ደግነቱ ጣውላዎቹን ከምሩ ጫፍ ላይ ነው የጣሏቸው፤ ወፍራም ስለሆኑ ቶሎ አልያዙም። አንደኛው ጫፉ ላይ ከሃያ ሴንቲሜትር በላይ ከሰለ። ሁለቱ ጠቁረዋል እንጂ ደህና ናቸው። ልጆቹ እንዳልቆጣቸው ፈርተው ራቅ ብለው ቆሙ። ትልቁ ልጅ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የማይፈለግ መስሎን ነው» አለኝ። ጣውላዎቹን እስከ ጓደኛዬ ቤት በር ያደረሱልኝም እነሱ ናቸው።

ማታ ባለቤቴ «ጭስ ጭስ ትሸታለህ» አለችኝ። ለአንድ ቀን እንኳ እውነተኛ ሰበብ ነበረኝ፤ ከተማው ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ኅዳር 14

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አናጢ አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ጠረጴዛቸውን እንዲያጋሩኝ ተስማማን። ክፍያ አልፈልግም አሉ፤ «ስታበላሽ እስቃለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።»

ብዙም አላስጠበቅኳቸውም። መላጊያውን ይዤ ጥቁሩን ስልግ፣ ከሥሩ ያማረው ቀይ እንጨት ብቅ ማለት ሲጀምር ልቤ ሞቀና ፈጠንኩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ፣ አናቱ የተሰበረ ምስማር። የመላጊያው ስለት ተሸረፈ።

ጋሼ አልሳቁም። ያ ከሳቅ ይከብዳል። ስለቱን አውጥተው በብርሃን አዩት። «አሮጌ እንጨት ላይ ከመላግህ በፊት በመዳፍህ ዳብሰው። ዝገት ያለበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ይኖረዋል። እዚያ ምስማር አለ።» ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ በጉጠት ምስማር ስነቅል ዋልኩ። 17 ወጣ። ስለቱን ራሴ ስሞርድ አመሸሁ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

ኅዳር 21 ጽዮን ስለነበረ ጋሼ አልከፈቱም።

ኅዳር 28

ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ ተጣበቀ። ላዩ 52 በ30 ይሆናል። ጋሼ ጋ ያለችው ሞርሳ አንድ ብቻ ስለሆነች ሁለቱን ጫፍ በገመድ አሰርን። በገመዱ መሐል በትር አስገብቶ ማጠንጠን ነው፤ እንደ ሞርሳ ይይዛል። እግሮቹን ከራስጌው ቋሚዎች ቆረጥኩ። በመሮ ጉድጓድ እያበጁ የአግዳሚውን ጫፍ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው እግር ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ አራተኛው አርባ ደቂቃ።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ ከጋሼ ጋር ተከራከርን።

እኔ ላዩን ከታችኛው ሳጥን ጋር በኮላ ላጣብቀው ፈለግኩ። ይጠነክራል ብዬ። እሳቸው እምቢ አሉ። «አሁን በጋ ነው። እንጨቱ ደርቋል፣ ተሰብስቧል። ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ ይሰፋል። ኮላ አድርገህ ብትይዘው ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ይጣመማል።» በርዝመቱ አይሰፋም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ነው። 30 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ላይ ከበጋ እስከ ክረምት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ይመስላል። በሩ ነሐሴ ላይ አልዘጋም ያለው ሰው ግን ያውቀዋል።

መፍትሔው አራት ብሎን ነው። ከታች በኩል፣ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ውስጥ። እንጨቱ ሲሰፋ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል። በአጭሩ ጎን ያለውን ክፈፍም መሐሉ ላይ ብቻ ኮላ ቀባነው፤ ጫፎቹ ነጻ ናቸው። በማዕዘኑ የቀረው ክፍተት ደግሞ የሲኒውን ውሃ ያስወጣል።

መሳቢያም አለው። ለማንኪያ፣ ለእጣን፣ ለክብሪት። መሳቢያውን ልክክ አድርጌ ሠርቼ ስኮራ፣ ጋሼ አውጥተው ዙሪያውን ላጉት። «አሁን ልክክ ያለ መሳቢያ ሐምሌ ላይ በመዶሻ ነው የሚወጣው።»

ሚጣን ይዣት ሄጄ ነበር። ስህተት። ማታ እራት ላይ «አባቢ እንጨት ይላጫል» አለች። ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ሹሮውን አየሁ።

ታኅሣሥ 10

ምን ይቀባ? ጋሼ ቫርኒሽ ይላሉ። ያብረቀርቃል፤ እውነት ነው። ግን አንድ ቦታ ከተላጠ ውሃው ከሥሩ ይገባል፤ ለማደስ ሁሉንም መፋቅ ሊኖርብህ ነው። ዘይት ሲሆን፣ ደረቅ ሲልበት በጨርቅ ትጨምርለታለህ፤ አለቀ።

ሁሉም ዘይት ግን አይሆንም። የሚደርቅ ዓይነት መሆን አለበት። ቁራጭ እንጨት ላይ በአንድ በኩል የኑግ፣ በሌላ በኩል የተልባ ዘይት ቀብቼ ከአምስት ቀን በፊት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ነበር። የተልባው ደርቋል፤ እጅ አይዝም። ኑጉ አሁንም ይለጠፋል፤ ሁለት ዝንብም ቀርታበታለች። ተልባ አሸነፈ።

ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሠራል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተህ ደጅ አስጣው፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው። አንዴ ከእሳት የተረፈ እንጨት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል አልሞክርበትም።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው። እሷና ሚጣ ለንግሥ ወጡ። ረከቦቱን ገና ዘይት ሳይነካው በጋቢ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ፊት ለፊቱ ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያምራል! ከፍታው ልክ ነው። ሴራሚኩም በምድጃው በኩል ነው።

ከዚያ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ተነስቼ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። በ11 ዓመት ውስጥ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

መሳቢያው የት አለ? በሌላው በኩል። ወደ ሶፋው ዞሮ።

እሺ ብዬ አዞርኩት። አሁን መሳቢያው ወደ እኔ ሆነ፤ ሴራሚኩ ግን በግራ ሄደ። ምድጃው በቀኝ ነው። ጀበናውን በቀኝ እጇ ከምድጃው አንስታ፣ የጋለውን ዕቃ በ12 ሲኒ ላይ አሻግራ ግራ ልታስቀምጥ ነው። ባዶ ጀበና ይዤ ሞከርኩት። ክርኔ ሁለት ሲኒ ጣለ።

ለካ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ከምቀመጥበት ነው። የኔን ፊት የዕቃው ፊት አድርጌ፣ የኔን ግራ ግራ ብዬ። ቡናውን ሁልጊዜ የማየው ከእንግዳ ወንበር ነዋ። ሲኒዋን፣ ከፍታዋን፣ ወገቧን ለክቻለሁ፤ የት እንደምትቀመጥ ግን አልለካሁም።

ምድጃውን ወደ ግራ ማዛወር? ግድግዳ ነው። መሳቢያውን ዘግቼ በሌላው ጎን መክፈት? አግዳሚውን መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ስረግም ቆይቼ፣ ዓይኔ ከሥር ያሉት ብሎኖች ላይ አረፈ።

አራት ናቸው። ኮላ የለም። ፈታኋቸው፤ ላዩን ብቻውን አዞርኩት፤ መልሼ አሰርኩት። ቀዳዳዎቹ በሁለቱም በኩል እኩል ርቀት ላይ ስለሆኑ ገጠመ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መሳቢያው ወደ እሷ፣ ሴራሚኩ በቀኟ።

ለጋሼ ስነግራቸው አሁን ሳቁ። በደንብ ሳቁ።

ታኅሣሥ 21 – ጥር 9

ዘይት። ሦስት ጊዜ፣ በየስድስት ቀኑ። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ የተረፈውን ጠርጎ ማንሳት፣ ቀን ፀሐይ ማስመታት። በየመሐሉ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። ገናን ሰበብ አድርጌ አንዱን ዙር በሁለት ቀን አዘገየሁት። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ሰም ከጥቂት የተልባ ዘይት ጋር አቅልጬ አሸሁት። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ነው የሚቀልጠው። ሴራሚኩን በሲሊኮን አስቀመጥኩት፤ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ትቼለት።

የእንጨቱ መልክ ከሦስተኛው ዙር በኋላ አንድ ሲኒ ቶና ይመስላል። ወጪው ሁሉ ተደምሮ የዚያን ሽቶ ግማሽ አልሞላም።

ጥር 18

እማማ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ባለቤቴ ቡና ልታጥብ ጓዳ ስትገባ አሮጌውን አንስቼ አዲሱን አስቀመጥኩ። ሲኒዎቹን ደረደርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ልሰብር ነበር።

ተመልሳ መጣች። ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው?» አላለችም። ተቀመጠች። መሳቢያውን ሳበችው፤ መለሰችው። ቡናው ሲፈላ ጀበናውን አንስታ በቀኟ አስቀመጠች፤ ቀዳች፤ ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ነው። እኔ እሷን ሳይሆን ጀርባዋን ነበር የማየው።

«ከኅዳር ጀምሮ አውቄያለሁ» አለች ሲኒውን እያቀበለችኝ። «ልብስህን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ኪስህ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ነው። ግን ለራስህ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የምትሠራ መስሎኝ ነበር።»

ሚጣ ከሁላችን በላይ ጮኸች፦ «እኔ ነግሬሽ ነበር!»

እማማ ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት። «አባትሽ በእንጨት አይቀልድም ነበር» አሉ።

ባለቤቴ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ረከቦቱን፣ ከዚያ እኔን። «የጓሮው ራስጌ?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ቶናው ቀረበ። በረካው ላይ ጎረቤቶች መጡና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሲኒ ማጠቡን እኔ ያዝኩ። ኩሽና ስገባ ተከትላኝ መጥታ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አሳርፋ ቆመች። ሲኒውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ሐምሌ 6

ክረምቱ ገብቷል። መሳቢያው ትንሽ ያዝ ያደርጋል፤ ግን ይከፈታል። የማዕዘኑ ክፍተት እንደተባለው ሰፍቷል። ሴራሚኩ አጠገብ ጥቁር የቡና ክብ ወጥቷል፤ ዘይት ልጨምርበት ስል «እንዳትነካው፣ ያምራል» አለችኝ። መሳቢያው ውስጥ ማንኪያ የለም፤ የሚጣ የቀለም እርሳስ ነው ያለው።

ዛሬ ቡና ስትወቅጥ ቆም አለችና መዳፏን አየች። «ይሄ ዘነዘና እጄን ላጠው።»

ስልኬን አወጣሁ።